በ«ቋንቋ» የተኮራረፉት የጎሮ ልጆች

የዚህ ዓምድ ደንበኞች እንደምታውቁት ወደዚህ ገጽ ከሚላኩት አሥር ደብዳቤዎች ዘጠኙ የፍቅር ጣጣ ናቸው። «ተወኝ»፣ «ካደችኝ»፣ «እናቱ አልተቀበሉኝም»… ይኸው ነው የምንመላለስበት። ሰሞኑን የደረሰኝ ግን ለየት ይላል። አምስት ጓደኛሞች በቋንቋ ተጣልተው ተኮራርፈዋል። ቋንቋ ስላችሁ ደግሞ ልባችሁ ወደ ሌላ እንዳይሄድ! አምስቱም የሚግባቡት በአማርኛ ነው፤ ሲሰዳደቡም በአማርኛ ነው። የተጣሉት ኮምፒዩተር በሚታዘዝበት ቋንቋ ነው።

ደብዳቤውን የላከችልኝ ከአምስቱ አንዷ ናት። የማንንም ስም አላነሳም። ነገሩን እንዲህ ታስረዳለች፦

«አምስት ሆነን ጎሮ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንሠራለን። ከአራት ዓመት በፊት ለአንድ የግል ትምህርት ቤት በስልክ የሚሠራ ፕሮግራም ሠራን። ወላጅ የልጁን ውጤት፣ ከክፍል የቀረበትን ቀን፣ ያልተከፈለ ወርሃዊ ክፍያውን በስልኩ ያያል። እንጀራችን እሱ ነው። አሁን ትምህርት ቤቱ ‘አይፎን የያዙ ወላጆች አቤቱታ አበዙብን፣ እስከ መስከረም በሁለቱም ዓይነት ስልክ እንዲሠራ ካላደረጋችሁ ውሉን አናድስም’ አለን። የሠራነው በጃቫ ስለሆነ ለአይፎን አይሆንም። ስለዚህ ቋንቋ እንለውጥ ተባለ። የትኛውን? እዚህ ላይ ተለያየን። ሁለት ወር ሙሉ ስንከራከር አንድ መስመር ሥራ አልሠራንም። አሁን ትልቁና ትንሹ ልጅ ሰላምታ የላቸውም፤ ምሳ እንኳ የሚበሉት ተለያይተው ነው። ትልቁ ልጅ እንደ ወንድሜ ነው፣ ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው። በክርክሩ ግን ትንሹ ልክ ይመስለኛል። ምን ይመክሩኛል?»

እኔ 12ኛን ጨርሼ ብዕር የያዝኩ ሰው ነኝ እንጂ ፕሮግራመር አይደለሁም። በሩቁ ሆኜ ከምፈርድ ብዬ ሁለት ቅዳሜ ከመገናኛ በጎሮ ታክሲ ሄጄ ሁሉንም አዳመጥኳቸው። መጀመሪያ አብረው፣ ኋላ ደግሞ አንድ በአንድ።

ጎሮን የማታውቁ ካላችሁ፣ በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ የአይሲቲ ፓርኩ ያለበት ሰፈር ነው። ዛሬ በሰፈሩ ካፌዎች ላፕቶፕ ያነገተ ወጣት ማየት ብርቅ አይደለም። ገብቶ ከመቀመጡ በፊት የሚጠይቀው ማኪያቶ እንዳይመስላችሁ፤ «ሶኬት ያለው የቱ ጋ ነው?» ነው የሚለው።

ክርክሩ ምንድነው?

እንግዲህ የሰማሁትን እንደገባኝ ላስረዳችሁ። ጃቫ የሚባለውን ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ስሙ የቡና ስም ነው፣ ምልክቱም ትኩስ ቡና የያዘ ሲኒ። ቡናው የኛ፣ ስሙ የኢንዶኔዥያ ደሴት! ይሁን ግድ የለም። የአንድሮይድ ስልክ እ.ኤ.አ. በ2008 ገበያ ሲወጣ ፕሮግራሞቹ የሚጻፉት በዚሁ በጃቫ ነበር። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2017 ጉግል ኮትሊን የሚባል ሌላ ቋንቋ ተቀበለ፤ በሜይ 2019 ደግሞ «ከእንግዲህ ቅድሚያ የምሰጠው ለኮትሊን ነው» ብሎ አወጀ። ኮትሊንም የደሴት ስም ነው፣ ሩሲያ ውስጥ በሴንት ፒተርስበርግ አጠገብ ያለች ደሴት። ጃቫ አልተሻረም፣ ዛሬም ይሠራል፤ ነገር ግን አዲስ የሚመጣው ነገር ቀድሞ የሚሰናዳው ለኮትሊን ሆነ።

ትልቁ ልጅ (ጓደኞቹ ለቀልድ «ጋሼ» ይሉታል፣ ዕድሜው ግን 34 ነው) የሚለው፦ «ወደ ኮትሊን እንሂድ። ከጃቫ ጋር በአንድ ቤት ይኖራል። የአራት ዓመት ልፋታችንን ሳንጥል ቀስ እያልን እንሻገራለን። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ ደግሞ ዋናውን ሥራ አንድ ጊዜ ጽፎ ለአይፎንም ማዋል የሚያስችለው መንገዱ ጸንቷል።»

ትንሹ (22 ዓመቱ ነው) የሚለው፦ «ዳርት! ፍላተር በሚባለው መሥሪያ አንድ ጊዜ ትጽፋለህ፣ በሁለቱም ስልክ አንድ ዓይነት መልክ ይዞ ይወጣል። ፍላተር ሙሉ ሆኖ ከወጣ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2018 ጀምሮ ስንት ዓመቱ ነው! እኛ ገና በደሴት እንከራከራለን።»

ሦስተኛው ደግሞ ጃቫስክሪፕት ይላል። «ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ሪአክት ኔቲቭ ለሁለቱም ስልክ ይሠራል። ጃቫስክሪፕት የሚያውቅ ልጅ እንደ ልብ ነው። ነገ አንዳችን ብንለቅ ምትክ እናገኛለን።» ስሙ አያሳስታችሁ፤ ጃቫና ጃቫስክሪፕት ሞክሼ ናቸው እንጂ ዘመድ አይደሉም። ጃቫስክሪፕትን እ.ኤ.አ. በ1995 ብሬንዳን አይክ የሚባል ሰው የመጀመሪያውን ቅርጽ ያስያዘው በ10 ቀን ነው። ስሙ የተሰጠው ጃቫ በጊዜው ዝነኛ ስለነበረ ለገበያ ተብሎ ነው።

አራተኛው ልጅ «የፈለጋችሁትን ምረጡ፣ ደሞዜ በሰዓቱ ይግባ» ባይ ነው። አምስተኛዋ ደብዳቤ ጸሐፊያችን።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደህና ነው። ሦስቱም ያሉት ነገር ውስጥ እውነት አለ። ጠቡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ትንሹ «የሼባ ቋንቋ» አለ። ትልቁ «የዩቲዩብ ፕሮግራመር» ብሎ መለሰ። ከዚያ ወዲያ ስለ ስልክ የተናገረ የለም።

ከቋንቋው ጀርባ ያለው

አንድ በአንድ ሳነጋግራቸው ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ትልቁን ልጅ «ዳርት ቢመረጥ ምን ትሆናለህ?» አልኩት። ብዙ ዝም ብሎ ቆየና «እኔ በዚህ ቤት የምጠየቅ ሰው ነኝ» አለኝ። «ነገ ዳርት ከሆነ ጠያቂ እሆናለሁ። ለዚያውም በ12 ዓመት የማንሰውን ሳይሆን የምበልጠውን ልጅ! ደብረ ብርሃን ሁለት ታናናሾች አስተምራለሁ። ጀማሪ ለመሆን ጊዜ የለኝም።»

ትንሹን ደግሞ ጠየቅኩት። «ከመጣሁ ጀምሮ የሱን ሥራ ስጠግን ነው የኖርኩት» አለኝ። «አንድ ነገር ላሻሽል ስል ‘እሱን አትንካው፣ ምክንያት አለው’ ይለኛል። ምክንያቱን ግን አይነግረኝም። በዳርት ከጀመርን ቢያንስ ከመጀመሪያው እኔም አለሁበት።»

ሦስተኛውማ ጉዱ የባሰ ነው። ማታ ማታ ውጭ አገር ላሉ ኩባንያዎች እያመለከተ ኖሯል፤ የሚያመለክትባቸው ሁሉ የሚፈልጉት ጃቫስክሪፕት ነው። ጓደኞቹ አያውቁም። «ቀን የምሠራው ለማታው ልምድ ቢሆነኝ ምን አለበት?» አለኝ። ይህንን እንድጽፍ ፈቅዶልኛል፣ እሱ ራሱ ሊነግራቸው ወስኗልና።

አያችሁ? አንዱ ክብሩ እንዳይነካ ይፈራል፣ አንዱ ቦታ ይፈልጋል፣ አንዱ መውጫ በር እያበጀ ነው። ሦስቱም ይህንን አፍ አውጥተው መናገር ስላልደፈሩ በጃቫና በዳርት ስም ሲዋጉ ሁለት ወር አለፈ። ባልና ሚስት በወጥ ጨው የሚጣሉት ስለ ጨው አይደለም። እነሱም እንደዚያው።

የመጀመሪያዎቹ እናንተ አይደላችሁም

አሁን ለአምስታችሁም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይህ መንገድ ብዙ ሰው ያለፈበት ነው። ታላላቆቻችሁን ጠይቁ፣ ቪዥዋል ቤዚክ 6 የሚባል ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ። በኛም አገር የኮምፒዩተር ተማሪ የመመረቂያ ሥራውን በሱ የሚሠራበት ዘመን ነበር። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2002 ዶትኔት የሚባል አዲስ ነገር አመጣና አሮጌው በቀጥታ የማይሻገርበት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2005 ማይክሮሶፍት ራሱ የሸለማቸው ከ200 በላይ ባለሙያዎች «ቋንቋችንን አትግደሉብን» ብለው ፊርማ አሰባሰቡ። አልሰማቸውም፤ በኤፕሪል 2008 የመሥሪያው ድጋፍ ቆመ። ግማሹ ባለሙያ ወደ ሲ ሻርፕ ሄደ፣ ግማሹ ሌላ መረጠ፣ ሕይወት ቀጠለ።

ፓይተንም እንዲሁ ነው። ሦስተኛው ፓይተን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2008 ወጣ። ሁለተኛው የተሰናበተው ግን ጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ነው። ከ11 ዓመት በላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ኖሩ ማለት ነው። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1959 የተወለደው ኮቦል ሞተ ሲባል በኤፕሪል 2020 የአሜሪካዋ የኒው ጀርሲ አገረ ገዢ አደባባይ ወጥተው «ኮቦል የሚያውቅ በፈቃደኝነት ይርዳን» ብለው ተማጸኑ። በኮሮና ሥራ ያጣ ሕዝብ ሲበዛ የድጎማው ሥርዓት የሚሠራው በጥንቱ ቋንቋ ኖሯላ! አሮጌ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይጣላል ያለው ማነው?

ሩቅ ምን አስኬደን፣ የራሳችን ፊደል አለ አይደል? እ.ኤ.አ. እስከ 1999 ድረስ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ለፊደሎቹ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የጉንዳን ሰልፍ ይመስላል። በሴፕቴምበር 1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ፊደላችን በዓለም አቀፉ ገበታ ላይ ቦታውን ያዘ። ያም ሆኖ ብዙ ቢሮዎች «እጃችን ለምዶታል» እያሉ ለዓመታት በአሮጌው ቀጠሉ። ዛሬ እናንተ በስልካችሁ «ሰላም ነው?» ብላችሁ ስትልኩ ወዳጃችሁ ዘንድ ሳይበተን የሚደርሰው በዚያ ለውጥ ነው። ልብ በሉ፣ በዚያ ለውጥ ውስጥ አማርኛ የሚያውቅ ጸሐፊ አማርኛው አልጠፋበትም። የተለወጠበት የጣቱ ልማድ ነው።

ጋሼ፣ ይህንን የምነግረው በተለይ ለአንተ ነው። አራት ዓመት ያጠራቀምከው ጃቫን ብቻ አይደለም። ጳጉሜን ላይ ወርሃዊ ክፍያ እንደማይጠየቅ የምታውቅ አንተ ነህ። ሁለት ልጆች እኩል ውጤት ሲያመጡ ትምህርት ቤቱ ደረጃቸውን እንዴት እንደሚያወጣ፣ አያት የሚያሳድጉት ልጅ መልእክቱ ለማን እንደሚላክ፣ ወላጆች «ሁለት ሰዓት» ሲሉ ስልኩ «ስምንት» እንደሚል የምታውቀው አንተ ነህ። ይህ ዕውቀት በዳርትም ይጻፋል፣ በኮትሊንም ይጻፋል። ካንተ በቀር ግን የሚነግራቸው የለም። «ምክንያት አለው» ብለህ የዘጋኸውን ነገር ሁሉ ወረቀት ላይ አውጣው። ያን ቀን ተመልሰህ ተጠያቂ ትሆናለህ።

እንግዲህ ምክሬ

አንደኛ፣ ላፕቶፕ ሳትከፍቱ ቡና አፍልታችሁ ተቀመጡ። እያንዳንዱ ስለ ቋንቋ ሳይሆን የሚፈራውን ይናገር። ከላይ የጻፍኩትን አንብባችሁ ስለምትመጡ ግማሹ ሥራ ተሠርቷል።

ሁለተኛ፣ ከቋንቋው በፊት የጓዳውን ዕቃ እዩ። ለአይፎን የሚሠራ ፕሮግራም ጨርሶ ለማውጣት በየትኛውም ቋንቋ ቢጻፍ ማክ ኮምፒዩተር ያስፈልጋል። ቢሯችሁ ያለው ከአሜሪካ በዘመድ የመጣ አንድ አሮጌ ማክ ነው፤ አፕል ደግሞ አዲሱን መሥሪያ በአሮጌ ማክ ላይ አይጭንም። ለአፕል በየዓመቱ 99 ዶላር ይከፈላል፤ ለጉግል 25 ዶላር አንዴ ብቻ። ዶላሩን በማን ካርድ ትከፍላላችሁ? ሁለት ወር ስትጨቃጨቁ ይህን ያነሳ አንድም ሰው አልሰማሁም።

ሦስተኛ፣ ክርክሩን በምላስ ሳይሆን በሥራ ፍቱት። ሁለት ሳምንት ስጡ። ሦስቱም ተከራካሪዎች አንድ ዓይነት ገጽ፣ የውጤት ማሳያውን ገጽ፣ በየራሳቸው ቋንቋ ይሥሩ። ከዚያ ወላጅ ኪስ ውስጥ በሚገኘው ርካሽ ስልክ ላይ ሞክሩት። ኔትወርክ ሲጠፋ ምን ይሆናል? አማርኛው ተቆርጦ አይወጣም? ቀኑስ? የኛ ዓመት 13 ወር ነው፣ ጳጉሜን አንዴ 5 አንዴ 6 ቀን ናት፤ የፈረንጅ የቀን መምረጫ ጳጉሜን የት ያውቃል? ሦስቱም ቋንቋዎች መላ አላቸው። በጃቫ በኩል ጆዳ ታይም የኛን አቆጣጠር ያውቃል፣ ኮትሊንም ይጠቀምበታል። ለዳርት የአገራችን ልጆች «አቡሻክር» ብለው የሰየሙት አለ፣ የባሕረ ሐሳቡን ሊቃውንት መጽሐፍ ስም ይዞ። ጃቫስክሪፕትም የኢትዮጵያን አቆጣጠር የሚያወጣበት መንገድ አለው። የትኛው ሳያስቸግር እንደሚሠራ ግን ሞክሮ ማየት ነው። ዳኛዋም ከእናንተ መሃል አትሁን። የትምህርት ቤቱን ጸሐፊ አስቀምጡና «የቱ ይቀላል?» በሏት።

አራተኛ፣ የትኛውም ቢያሸንፍ አሮጌውን ቤት አፍርሳችሁ ሜዳ ላይ አትደሩ። ኔትስኬፕ የሚባለው የጥንቱ የኢንተርኔት መቃኛ እ.ኤ.አ. በ1998 ሁሉንም ከዜሮ እንጻፈው ብሎ ተነሳ። 5ኛው ዕትም ሳይወጣ ቀረ፣ 6ኛው በኖቬምበር 2000 ሲመጣ ገበያውን ማይክሮሶፍት ወስዶት ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይሄ ነው። የጃቫው ፕሮግራም በአንድሮይድ ስልኮች ላይ እንደሠራ ይቆይ። አዲሱ በአይፎን ይጀምር። ጊዜ ስታገኙ አንድ በአንድ ገጽ እያላችሁ ታሻግራላችሁ። ለመስከረም የሚያደርሳችሁ መንገድ ይኸው ነው።

አምስተኛ፣ የወሰናችሁበትን ቀን ጽፋችሁ ፈርሙ። ለአንድ ዓመት አይከፈትም። ለተሸነፈው ደግሞ መማሪያ ጊዜ ከሥራ ሰዓት ይቆረጥለት፤ በየሳምንቱ ጥቂት ሰዓት፣ ደሞዙ ሳይነካ። ዳርት ካሸነፈ ትንሹ ልጅ ጋሼን ዳርት ያስተምረዋል፣ ጋሼ ደግሞ ትምህርት ቤቱን ያስተምረዋል። ኮትሊን ካሸነፈ ትንሹ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ አብሮ ይጻፍ። «አትንካው» የሚባል ቃል ከቤቱ ይውጣ።

የሦስተኛውን ልጅ ነገር በተመለከተ፣ ውጭ ሥራ መፈለግ ነውር አይደለም። መሄዱን ሳይናገሩ ጓደኛን ለራስ መሄጃ መንገድ ማስጠረግ ነው ነውሩ። ይንገራቸውና ድምፁን ያን ጊዜ ይስጥ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፣ እህቴ። ሥራውን ያስተማረሽን ሰው ማክበርሽ ደስ ይላል። ሆኖም ማክበር ሌላ ነው፣ መስማማት ሌላ። እስካሁን ዝም ያልሽው ላለማስቀየም ነው፤ እሱ ግን ዝምታሽን ከሱ ጋር እንደሆንሽ ቆጥሮታል፤ ይህንን ከአፉ ሰምቻለሁ። በስብሰባ ላይ በድንገት ከሌላ ወገን ቆመሽ ቢያይሽ ክህደት ይመስለዋል። ስለዚህ ከስብሰባው በፊት ብቻውን አግኚው። «አንተ ያስተማርከኝ ማሰብ ነው፣ አስቤ የደረስኩበት ደግሞ ይህ ነው» በይው። ሊከፋው ይችላል። ካንቺ አፍ ሰምቶ ቢከፋው ግን ከሰው መሃል ከሚሰማው ይሻለዋል። ከአነጋገር ይፈረዳል ይባል የለ?

ለቀራችሁት አንባብያን አንድ ቃል ልጨምር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ይፋ ከሆነ ወዲህ «የትኛውን ቋንቋ ልማር?» የሚል ጥያቄ ከብዙዎቻችሁ ይደርሰኛል። እነዚህ ልጆች በጠባቸው መሃል ሁሉም የተስማሙበት አንድ ነገር ነበር፦ የመጀመሪያው ቋንቋ ያደክማል፣ ሁለተኛው ይቀላል፣ ሦስተኛው ሳምንታት ነው። አንዱን ያዙና ለአንድ ሰው የሚጠቅም አንድ ነገር እስከ መጨረሻው ሥሩበት፤ ለጎረቤት ሱቅ የዱቤ መዝገብም ቢሆን። ከሦስት ቋንቋ ሦስት ሦስት ትምህርት ቀምሶ ከመተው ይሻላል።

የጎሮዎቹ ቡና የፊታችን እሑድ ነው፣ ከሰዓት። ጀበናውን የምታመጣው ደብዳቤ ጸሐፊያችን ስትሆን ሲኒ የሚያጥበው ትንሹ ልጅ ነው ተብሏል።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።